ስድስተኛው ቤት ላይ

በቆሎ አልበላም። የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ከሩቅ ሲመጣ እንኳ አፌን ምራቅ ይሞላዋል፤ የጉጉት ምራቅ ሳይሆን ከማስመለስ ቀድሞ የሚመጣው ቀጭኑ ምራቅ። ባሌ ይስቅብኛል። ልጆቼ «ተጠያፊዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። አልተሳሳቱም። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ አልነካም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ተነስቶ የሄደበት ወንበር ሙቀቱ እስኪጠፋ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ወጥ ውስጥ ፀጉር ካየሁ ድስቱ በሙሉ ይደፋል። እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። በቆሎውን ግን የተጠየፍኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ከአንድ እሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። መጀመሪያ ሆቴል አስቀመጡን፤ ከዚያ ቂርያት ጋት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። ሊፍት የለውም። ደረጃው ዓመቱን ሙሉ የድመት ሽንትና የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል፤ እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነበር የምወጣው። የምንኖረው እናቴና እኔ ነን። አባቴ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ሞቷል። በእሱ ቦታ ታላቅ ወንድሙ አባ ደምለው ነበሩ፤ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ ያለ እሳቸው ቃል እኛ ቤት ምንም ነገር አይወሰንም።

መጽሐፉን የሰጠችኝ ከእኛ በታች የምትኖር ዶራ የምትባል ከሮማንያ የመጣች አሮጊት ናት። ዕብራይስጥ እንዲገባሽ አንብቢው ብላ፣ ልጇ ትታው የሄደችውን የፍቅር ልብወለድ አመጣችልኝ። ሽፋኑ ላይ ባዶ እግሯን አሸዋ ላይ የቆመች ቢጫ ፀጉር ልጅ አለች። ታሪኩ ቀላል ነው። የልጅቱ እናት ትሞታለች፤ ልጅቱ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደምትኖር አክስቷ ትላካለች፤ አይስክሬም መሸጫ ውስጥ ትቀጠራለች፤ ጀልባ ያለው ልጅ ያፈቅራታል፤ ሕይወቷን እንደገና ከመጀመሪያ ትጀምራለች። ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሳነበው አስጠላኝ። የእናቷ ተዝካር ሳይወጣ ልጅቱ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ልጁ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ግማሽ መጽሐፍ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም። እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው ብዬ ጣልኩት። ማታ ግን መልሼ አነሳሁት፤ በማግስቱም። እያነበብኩ እየተጠየፍኩ፣ እየተጠየፍኩ እያነበብኩ በቃሌ ያዝኩት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ሳላነብ አስቀረሁት፤ ለራሴ የደስታ ቀን አነበዋለሁ ብዬ።

ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው የሚለን ያንኑ ነበር። የቋንቋ አስተማሪዋ፣ የክሊኒኳ ነርስ፣ ውባለም የሚለውን ስሜን «ያፊት» ብላ የቀየረችው ጸሐፊ፣ ሁሉም ከመጀመሪያ ጀምሩ ይሉናል። እኔም ቀስ በቀስ አመንኳቸው።

ይርጋን ያገኘሁት ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሸሚዝ ክር እቆርጣለሁ፤ እሱ ጥቅል ጨርቅ ያመላልሳል። ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ለውትድርና እስኪጠሩት ይጠብቃል። ቤተሰቡ ወደ አሽቀሎን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካራቫን በሚሉት የቆርቆሮ ቤት ሰፈር ውስጥ ናቸው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ንፁህ ነው፤ በዚያ ሙቀት እንኳ ላብ ላብ አይልም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ይህን ስነግራችሁ የአገሬ ሰዎች ራሳችሁን እንደምትነቀንቁ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ወንድና ሴት አይተያዩም፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያለ ዘመድ ሁሉ እህትና ወንድም ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን እርኩሰት ነው። በአገር ቤት ግን መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። በደጅ የሚያልፈውን ሰው እንኳ አካሄዱን አይቶ የእገሌ ዘር ነው የሚል አለ። እዚህ አንዱ ሆቴል፣ አንዱ ካራቫን፣ አንዱ ሰሜን ጫፍ ተበትነን ማን የማን እንደሆነ ጠፋ። ስማችንንም ቀየሩት። እውነቱን ለመናገር፣ አለመጠየቁን ወደድኩት። የመጽሐፉን ልጅ ሆንኩ።

አንድ ቀን ፋብሪካው በመብራት ብልሽት ተዘጋና በአውቶቡስ አሽቀሎን ባሕር ሄድን። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ባሕር ይህ አልነበረም። ሜዱዛ የሚሉት ያ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ የባሕር እንስሳ ዳርቻውን ሞልቶት፣ ፀሐይ ላይ ፈሶ ይገማል። ሰዎች ሥጋቸውን ዘርግተው እንደ ቋንጣ ተሰጥተዋል። የሕፃን ሽንት ጨርቅ አሸዋው ላይ ተጥሏል። ጫማዬን አላወልቅም አልኩ። ይርጋ አልሳቀብኝም። ንፁህ ቦታ ፈልጎ ሸሚዙን አነጠፈልኝ፤ ከዚያ ሄዶ አንድ የተቀቀለ በቆሎ በወረቀት ይዞ መጣ።

ለምን አንድ ብቻ እንደገዛ አላውቅም። እሱ ከአንድ በኩል ነከሰና ሰጠኝ። እኔ የሰው ብርጭቆ የማልነካዋ፣ እሱ በነከሰበት ላይ ነከስኩ። አልቀፈፈኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቀፈፈኝም። ከንፈሬ ላይ የቀረውን ጨው በአውራ ጣቱ ጠረገልኝና ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ። ከዚያ በላይ ምንም የለም። ለዛሬ ልጆች ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ እንዳታውቅብኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ የድመቱ ሽንት ሳይሸተኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከሰዓት ነው። ሙቀቱ ለጉድ ነበር። አባ ደምለው ሶፋው ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ፤ ቅርፊቱን እፍ ብለው ወደ ሳህኑ ይተፋሉ፤ ግማሹ ጢማቸው ላይ ይቀራል። ከፊታቸው የይርጋ እናት ወንድም አባ መለሰ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ይርጋ በሩ አጠገብ በነጭ ሸሚዝ። እናቴ ጥግ ይዛለች። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ በሩ በጣት ወርድ ተከፍቷል። መጽሐፌ ከዳቦ ሳጥኑ ኋላ አለ። ሰዎቹ ሲሄዱ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነባለሁ።

ንግግሩ እንደ ወጉ ሄደ። ስለ መንገዱ ተነሳ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ካራቫኑ ጣሪያ። ከዚያ አባ መለሰ ተነስተው ቆሙና የመጡበትን ተናገሩ። አባ ደምለው ቅርፊታቸውን ተፍተው፣ ልጁ ጨዋ መሆኑን ከፋብሪካው ሰዎች እንደሰሙ፣ እሳቸውም እንደማይጠሉት ተናገሩ። 

«ግን ይቆጠር» አሉ።

መቁጠሩ ረጅም ነው። አንዱ ወገን የአባቱን አባት ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ የአባቱን እናት፣ ከዚያ የእናቱን አባት። ስም ይጠራል፣ መንደር ይጠራል፣ የት እንደተቀበረ ይጠራል። በይርጋ አባት በኩል ጀመሩ። ደንቢያ፣ ጭልጋ፣ ሰባት ቤት ወጣ፣ ከእኛ ጋር አልተገናኘም። በአባቱ እናት በኩል ወጡ፣ አልተገናኘም። እያንዳንዱ ወገን ባለቀ ቁጥር እናቴ ትንፋሿን ስታወጣ ይሰማኛል። በእናቱ አባት በኩል ደግሞ ወደ ትግሬ አገር ወጣና ጠፋ። አባ ደምለው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ወገን ብቻ ቀረ፤ የእናቱ እናት፣ ካራቫን ውስጥ ታማ የተኛችው እማማ የሺ።

«እናታችን የሺ የበላይ ልጅ ናት» አሉ አባ መለሰ። «በላይ የፈንቴ። የወገራው ፈንቴ።»

የአባ ደምለው ፍሬ ጥርሳቸው መሐል ቀረ። «የፈንቴ አባት ማን ነው?»

«ካሳ።»

«ካሳ ግራኙ?»

«አዎ፣ ግራኙ ካሳ። ያውቁታል?»

አባ ደምለው ቀኝ እጃቸውን አነሱና ጣት በጣት አጠፉ። ውባለም። ታደለ። ውቤ። ገላው። ተሰማ። አምስቱ ጣት አለቀ፣ ቡጢ ሆነ። ከዚያ የግራ እጃቸውን አውራ ጣት አነሱ። ካሳ። ስድስተኛው ቤት ላይ። በዚያኛው ወገንም ቆጠሩ፤ ይርጋ፣ እናቱ ስንዱ፣ የሺ፣ በላይ፣ ፈንቴ፣ ካሳ። ስድስተኛው ቤት ላይ። ሁለት ቤት ወዲያ ቢሆን ኖሮ ነፃ ነበርን።

አሁን የምነግራችሁን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ። አባ ደምለው ብድግ ብለው አባ መለሰን አቀፏቸው፤ አለቀሱ፤ አንገት ለአንገት ተላቀሱ። ዘመድ ተገኘ። በዚህ ባዕድ አገር፣ የገዛ ወንድማቸውን ቀብረው በመጡበት አገር፣ የካሳ ግራኙ ዘር ተገኘ። እናቴም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። የሱፍ ቅርፊቱ ከአንዱ ጢም ወደ ሌላው ሲተላለፍ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ቆሜያለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ወደዚያ በር አላየም።

በኋላ አባ ደምለው ትዝ አልኳቸው።

«ውባለም፣ ነይ ልጀ። ነይና ወንድምሽን ሳሚው።»

ወጣሁ። ይርጋ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። አባ መለሰ ከኋላው ትከሻውን ገፋ አደረጉት። «እህቴ በላት እንጂ» አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉንጮቼን ሳመኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እንደ ዘመድ አሳሳም።

«እህቴ» አለ።

ከንፈሬ ላይ የባሕሩ ጨው መጣ። በቆሎው መጣ፤ እሱ የነከሰበት ቦታ፣ ምራቁ። ወንድሜ በነከሰበት ነክሻለሁ። ሮጬ ሽንት ቤት ገባሁና ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣሁት፤ የሚወጣ ነገር ካለቀ በኋላም ሆዴ አላቆመም። ሳሎን ውስጥ ሙቀቱ ነው እያሉ ሲያወሩ ይሰማኛል።

እናቴ መጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ፀጉሬን ያዘችልኝ። ከዚያ በጆሮዬ፣ ከትንፋሽ ባነሰ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«አንችየ፣ ነክቶሻል?»

«በቆሎ በላን» አልኳት። «ከአንድ በቆሎ።»

ሌላ እናት ብትሆን ትስቅ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቃ ገንዳውን ቀዝቃዛ ውኃ ሞላችው። አገር ቤት ቢሆን ወንዝ ትወስደኝ ነበር። ከነልብሴ አስገባችኝ፣ በጣሳ ከራሴ ላይ አፈሰሰች፣ አፌን በሳሙና አጠበችኝ። ሳሙናው ሌላ ማስመለስ አመጣብኝ። ከገንዳው ስወጣ ልብሴ እየተንጠባጠበ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ መጽሐፉን ከዳቦ ሳጥኑ ኋላ አወጣሁትና ወርጄ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ፣ የበሰበሰ ሐብሐብ ላይ ጣልኩት። ቢጫ ፀጉሯ ልጅ ከሐብሐቡ ላይ እየሳቀች ቀረች። የመጨረሻውን ምዕራፍ አላነበብኩትም።

በማግስቱ ፋብሪካ መሄድ ነበረብኝ። ይርጋ ጥቅሉን ተሸክሞ ሲመጣ በሩቅ አየሁት። እንደ ሁልጊዜው ዝም ብሎ ያልፋል ብዬ ነበር። አጠገቤ ቆመና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እህቴ፣ ደህና አደርሽ?» አለኝ። የታዘዘውን መፈጸሙ ነው። ጨዋ ነው ብያችሁ የለ? ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ አለኝ። ያችን ቃል በተናገራት ቁጥር አንድ ነገር ውስጤ ይዘጋል።

ከዚያ የባሰው ግን ዓይኔ ነው። ዓይኔ ዝምድናውን ይፈልግ ጀመር። የይርጋ ጆሮ የአባ ደምለው ጆሮ ነው፤ ከላይ ሾል ያለ። እስከዚያ ቀን እንዴት አላየሁትም? ቆሞ ሲጠብቅ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ የሚጥለው እንደ እኛ ቤት ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት ጥቅሉን ሲያወርድ አውራ ጣቱን አየሁት። ጥፍሩ ሰፊ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ። የአባቴ አውራ ጣት። እኔ ነኝ አዲስ አበባ ውስጥ አባቴ ሲገነዝ እጁን ያጠፍኩት፤ የአባቴን ጣት አውቀዋለሁ። ያ ጣት ነው ከንፈሬን የጠረገው። መቀሱን አስቀምጬ ሮጥኩ፤ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሳልደርስ የሸሚዝ ቁራጭ ክምር ላይ አስመለስኩ። ኃላፊዋ ነፍሰ ጡር መስያት በክፉ ዓይን አየችኝ።

ሐሙስ ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃችን ላይ አንዲት አሮጊት በምርኩዟ እየተንፋቀቀች ስትወጣ አገኘኋት። የእናቴን ስም ጠርታ ቤቷን ጠየቀችኝ። እጇን ይዤ አወጣኋት። እማማ የሺ ነበረች፣ የይርጋ አያት። ከታመመችበት ተነስታ፣ አውቶቡስ ቀይራ መጥታለች። ሳሎን ገብታ አልተቀመጠችም። አባ ደምለው ይጠሩ አለች። እናቴ ውኃ ብታቀርብላት ሳትናገር እንደማትጠጣ ነገረቻት።

አባ ደምለው በደስታ መጡ፤ አዲሷን ዘመዳቸውን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው። አሮጊቷ በምርኩዟ አገደቻቸው።

«አትሳመኝ። እኔ የአንተ ዘመድ አይደለሁም።»

ከዚያ ነገረችን። ካሳ ግራኙ የፈንቴን እናት ሲያገባ ሴትየዋ ባሏ የሞተባት ነበረች። ፈንቴ በጀርባዋ ታዝሎ ነው እዚያ ቤት የገባው። ካሳ ልጁን እንደ ልጁ አሳደገው፤ ቤቱ ውስጥ የእንጀራ ልጅ የምትል ቃል የተናገረ ከቤቱ እንዲወጣ አስማለ። መንደሩም ማለ። የሚያውቁት አለቁ። የእሷ አባት በላይ ሊሞት ሲል ለእሷ ብቻ ነግሯታል፤ እሷም ለልጆቿ አልነገረችም። ባለፈው እሑድ ልጇ መለሰ ዘመድ ተገኘ ብሎ ሲመጣ ደስ ብሏት ነበር። የይርጋን ፊት ስታይ ግን መተኛት አልቻለችም።

አባ ደምለው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ለልጅዎ ልጅ ብለው ነው» አሉ። «የሟች ስም ለጋብቻ አይነገድበትም።»

«ብዋሽ ኦሪት ትፍረድብኝ» አለች። «አያቴን አባት አሳጣሁት እኮ፣ ልጀ። ለመዋሸት ብየ ይህን አደርጋለሁ?»

አባ ደምለው ጣታቸውን መልሰው ቆጠሩ፤ አሁን በዝምታ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ቡጢያቸውን ፈቱት። «አይገናኝም» አሉ በመጨረሻ። ዘመዳቸውን የተነጠቁ ሰው ድምፅ ነበር፤ አዘንኩላቸው እንዳልል ገና ተቆጥቼባቸው ነበር። እናቴ ግን እልል አለች። ብቻዋን፣ በዚያች ሳሎን ውስጥ። እኔን አቅፋ ግንባሬን ሳመችኝ፤ በል አትዘን ተገላገልሽ አለችኝ በእንባ፣ ወንድና ሴት እስኪምታታባት። አሮጊቷም ተቀመጠችና ውኃዋን ጠጣች።

ይርጋ ታች እንደቆመ አሮጊቷ ነገረችን። አያቱን ያመጣት እሱ ነው፤ ስትናገር መስማት አፍሮ፣ እኔም እንዳላየው ከሕንፃው ጥግ ቀርቷል። እናቴ ከሰገነቱ ጮኻ ጠራችው። አራቱን ፎቅ በሩጫ ሲወጣ እሰማለሁ። እኔም ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ልሄድ ፈልጌ ነው የሄድኩት፤ ይህን እወቁልኝ። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ ንፁህ ነው፣ እወደዋለሁ። አሮጊቷን አምኛታለሁ። አንድ ጠብታ ደም አያገናኘንም።

በሩ ላይ ደረሰ። እየሳቀ ነው፤ አፉን በእጁ መሸፈን ረስቷል።

«ውባለም» አለኝ። «በቃ ተይው። ከመጀመሪያ እንጀምር።»

እጁን ዘረጋልኝ። አየሁት። አውራ ጣቱን አየሁት። የአባቴ ጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ አባት ጋር ምንም የማይገናኝ፣ የአንድ የማላውቀው ሰው ዘር ጣት ነው። ዓይኔ ግን አይቶ ጨርሷል። ጆሮውም የአባ ደምለው ጆሮ ሆኖ ቀርቷል። ምራቁ አፌን ሞላው። ዋጥኩት። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ይርጋ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

«ወንድሜ» አልኩ።

አልፈለግኳትም። ራሷ ወጣች። ሳሎኑ ውስጥ የእናቴ እጅ አፏ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ይርጋ ለጥቂት ጊዜ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። እኔ የሰጠሁት መልስ ገብቶታል፤ ከማንም በፊት የገባው ለእሱ ነው። ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ፤ ከዚያ እጁን መለሰና አያቱን ይዟት ወረደ። አሮጊቷ ደረጃ በደረጃ ስትወርድ ምርኩዟ ይሰማል። ከአንዱ ቤት የሚጠበስ ዓሣ ደረጃው ላይ ይሸት ነበር።

ይርጋ ወታደር ሆነ፤ ከዚያ ሰሜን ሄዶ አገባ፤ ልጆች ወልዷል አሉ። እኔን ፊቱን በደንብ ሳላየው ሰባት ቤቱ ተቆጥሮ ላለቀ ሰው ዳሩኝ። ደግ ሰው ነው። እጆቹን ወድጃቸዋለሁ፤ የማንንም እጅ አይመስሉም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመጀመሪያ ጀምሩ ማለት እንዴት ቀላል ነው! ወረቀት ላይ ይቻላል። ቢጫ ፀጉሯ ልጅ ባሕሩ ውስጥ አንዴ ተነክራ ስትወጣ አዲስ ሰው ናት። እኔም ተነክሬያለሁ፣ በገንዳ ውኃ፣ በሳሙና። ሽማግሌ ስህተቱን ማረም ይችላል፤ ቡጢውን መፍታት ነው። ሆድ ግን ሽማግሌ አይሰማም። የሰፈሬ ሰዎች አንዳንዶቹ የዚያን ጊዜው ጥፋት የባህሉ ነው ይሉኛል፣ ሌሎቹ ጥፋቱ ዘር ሳንቆጥር መተያየታችን ነው ይላሉ። ሁለቱም ያስጠሉኛል። ቆጠራው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የአሮጊቷ ምስጢርም ቀድሞ ይወጣ ነበር፤ ጣቱንም እንደ ጣት ብቻ አይቼው እኖር ነበር። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ አሁን በምንኖርበት፣ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ ሊፍት ያለው፣ ምንም የማይሸት ቤት ውስጥ፣ ልጄ አንድ ልጅ ይዛ መጣች። ፊቷ ቀልቷል፤ ደረጃ ቢኖር ኖሮ ደረጃው ላይ ቆማ ትዘገይ እንደነበር አየሁ። ልጁ የእኛው ሰው ልጅ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውኃ ሳልሰጠው፣ በሩ ላይ አቆምኩት።

«የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። «አባትህን ጥራ። የአባትህንም አባት።»

ልጁ ግራ ገብቶት ልጄን አያት። ልጄ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ተጣመመ፣ አፍንጫዋ ተሸበሸበ። «እማ፣ ታስጠይኛለሽ» አለችኝ በዕብራይስጥ፣ እሱ እንዲሰማ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከመስተዋት አውቀዋለሁ። አልተናደድኩባትም። እኔን ትጠየፍ፤ እኔ እናቷ ነኝ፣ እችለዋለሁ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀኝ እጄን ከፈትኩና ልጁ የመጀመሪያውን ስም እስኪጠራ ጠበቅኩት።